«የወር አበባቸው ተመለሰ» ስለተባለው ደም፣ ኢስትሮጅንም ከሰውነት ስለሚወጣበት መንገድ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «እናቴ 51 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት መንዝ ውስጥ፣ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ነው። የወር አበባቸው ከቆመ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ሌሊት ላብ ያጠልቃቸዋል፤ ‘ሰውነቴ ይነድዳል’ ይላሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ምች ነው ይሏቸዋል። ሆዳቸው አካባቢ ወፍረዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ጉበታቸው ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ማስወገድ አቅቶት በዝቶባቸው ነው ብላ፣ ኢስትሮጅን ያጸዳል የተባለ እንክብል ሁለት ብልቃጥ ላከችልን፤ ሽንታቸውም ውጭ አገር ተልኮ ይመርመር ትላለች። እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃን ያማከርሁት የመድኃኒት ቤት ሰው ደግሞ አንሶባቸው ነው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል ይውሰዱ አለኝ። በዝቶ ነው ወይስ አንሶ? ማንን ልመን? ደስ የሚለው ግን ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም አይተው የወር አበባቸው ተመልሷል።»

ምላሽ፦

ጥያቄዎን የምመልሰው ከጭራው ተነሥቼ ነው፤ እንደ ምሥራች አድርገው የጻፉት የመጨረሻው መስመር ከሌላው ሁሉ ይልቅ አሳስቦኛልና። በእኛ ሙያ አንዲት ሴት አርጣለች የምንለው የወር አበባዋ ለተከታታይ 12 ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታ ብቻ ቢሆን፣ ቡናማ ቢሆን፣ አንድ ቀን ታይቶ የቆመም ቢሆን፣ የወር አበባ አይባልም፤ ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ድረስ ምርመራ የሚፈልግ ደም ነው። እንዲህ ባለ ደም ምክንያት ወደ ሐኪም ከሚመጡ ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የማህፀን ካንሰር አይገኝባቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሳሳና በቀላሉ የሚደማ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ነው። በሌላ በኩል ግን የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ከያዛቸው ያረጡ ሴቶች መካከል ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይህን ደም አይተዋል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰርም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምልክት ነው የሚገለጠው። ስለዚህ ከሚከተለው ማብራሪያ ሁሉ በፊት እናትዎ መመርመር አለባቸው።

ደብረ ብርሃን በሠራሁባቸው ዓመታት አንዲት የመንዝ እናት ወደ ምርመራ ክፍል ገብተው፣ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ቁራጭ ጨርቅ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። በጨርቁ ላይ ያለው ነጠብጣብ ደርቆ የቡና አተላ መስሎ ነበር። ልጅነታቸው የተመለሰ መስሏቸው ሰባት ወር ለማንም ሳይናገሩ ቆይተዋል፤ በእነዚያ ሰባት ወራት ደም ባዩ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ ከደጀ ሰላም ቆመው ሲያስቀድሱ ከርመዋል። ሲመረመሩ የማህፀናቸው ውስጠኛ ግድግዳ ከመጠን በላይ ወፍሮ ተገኘ፤ ናሙናው ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ነገር ግን ወደዚያው የሚያመራ ለውጥ አሳየ፤ ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰላም ወደ ቀያቸው ተመለሱ። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው አንዲት የሆርሞን እንክብል አልዋጡም። ግድግዳውን ያወፈረው የገዛ ሰውነታቸው ያመረተው ኢስትሮጅን ነበር። ያረጠች ሴት ኢስትሮጅን ከየት ታመጣለች የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የእርስዎን «በዝቶ ነው ወይስ አንሶ» የሚለውንም ጥያቄ የሚፈታ ነው።

ኢስትሮጅን አንድ ነገር አይደለም። በመውለጃ ዕድሜ ዋናው ኢስትራዳዮል የሚባለው ነው፤ የሚመነጨውም ኦቫሪ ከሚባሉት እንቁላል አፍላቂ እጢዎች ነው። በማረጥ ጊዜ እነዚህ እጢዎች እንቁላላቸው ስለሚያልቅ የኢስትራዳዮል ምንጭ ይነጥፋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ፒኮግራም በታች ይወርዳል። ሆኖም ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች፣ በመጠኑም ያረጀው ኦቫሪ ራሱ፣ አንድሮስተንዳዮን የሚባል የወንዴ ሆርሞን ወገን ማመንጨታቸውን አያቆሙም። ይህን ሆርሞን በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ አሮማቴዝ የሚባል ኤንዛይም ተቀብሎ ኢስትሮን ወደሚባል ደከም ያለ ኢስትሮጅን ይለውጠዋል። ያረጠች ሴት ዋና ኢስትሮጅን ይህ ነው። ስብ በጨመረ ቁጥር አሮማቴዝ ይጨምራል፤ ኢስትሮንም እንዲሁ።

ስለዚህ ዘመድዎም የመድኃኒት ቤቱ ሰውም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ግማሹን እንደ ሙሉ አድርገው ነግረውዎታል። ለአንጎል፣ ለአጥንት፣ ለብልት ግድግዳ የሚበቃው ኢስትራዳዮል አንሷል፤ ላቡና ሙቀቱ የመጣው ከዚህ ነው። ለማህፀን ግድግዳ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በመውለጃ ዕድሜ በየወሩ እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን እየመጣ ኢስትሮጅን ያሳደገውን ግድግዳ ያረጋጋዋል፤ ሲወርድም ግድግዳው ታጥቦ ይወጣል። ካረጡ በኋላ እንቁላል ስለማይወጣ ፕሮጄስትሮን የለም። ከስብ የሚመጣው ኢስትሮን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ያለ ተቆጣጣሪ፣ ያለ እረፍት፣ ዓመት ከዓመት ግድግዳውን ይጎተጉተዋል። ወፍራም በሆኑ ያረጡ ሴቶች ላይ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርም የጡት ካንሰርም የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከማረጥ በኋላ ለሚመጣ የጡት ካንሰር የሚታዘዙት እንደ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ያሉ መድኃኒቶችም የሚሠሩት ይህንኑ አሮማቴዝ በማገድ ነው። እንግዲህ በአንዲት ሴት ሰውነት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለአንዱ ክፍል ያነሰው ሆርሞን ለሌላው ክፍል የበዛ ሊሆን ይችላል። «ስንት ነው» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የት ተሠራ፣ በየት በኩል አለፈ፣ እንዴት ወጣ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አወጣጡን ላስረዳ፤ ዘመድዎ የፈሩት እሱን ነውና። ኢስትሮጅን በስብ እንጂ በውኃ የማይሟሟ በመሆኑ እንዳለ በሽንት ሊወጣ አይችልም። ጉበት በሁለት ደረጃ ይሠራዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ሳይቶክሮም ፒ 450 የሚባሉት ኤንዛይሞች በሞለኪውሉ ላይ ኦክስጅን ያለበት ቅጥያ ይተክላሉ፤ ቅጥያው በሁለተኛው፣ በአራተኛው ወይም በአሥራ ስድስተኛው ካርቦን ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስማቸውም በዚሁ ቁጥር ይጠራል። በሁለተኛው ካርቦን ላይ የተቀጠለው ደካማ ነው፤ በአሥራ ስድስተኛው ላይ የተቀጠለው የኢስትሮጅንነት ጠባዩን ይዞ ይቆያል፤ በአራተኛው ላይ የተቀጠለው ደግሞ ሳይገራ ከቀረ የሕዋስን ዘረ መል ሊጎዳ ወደሚችል ውህድ እንደሚለወጥ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በሁለተኛው ደረጃ ኮምት የሚባል ኤንዛይም ሁለተኛውንና አራተኛውን ያለዝባቸዋል፤ ሌሎች ኤንዛይሞችም ሰልፌት ወይም ግሉኩሮኒክ አሲድ አስረውባቸው በውኃ የሚሟሙ ያደርጓቸዋል። ከዚያ በኋላ ከፊሉ በኩላሊት አድርጎ በሽንት፣ ከፊሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳል።

በአንጀት ያለው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚገርም ነው። ጉበት ተጠንቅቆ ያሰረውን ኢስትሮጅን የአንጀት ባክቴሪያዎች ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ በተባለ ኤንዛይም ይፈቱታል፤ የተፈታውም በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። ሰውነት የጣለውን መልሶ የሚያነሣበት መንገድ ይህ ነው። ገለባና አሰር የበዛበት ምግብ ይህን ምልሰት ይቀንሰዋል፤ የጣሉት ነገር ቶሎ ከሰገራ ጋር ተያይዞ ይወጣል። የእናትዎ አገር ምግብ፣ ማለትም የገብስ ቆሎው፣ በሶው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ የጤፍ እንጀራው፣ በዚህ ረገድ ከማንኛውም ብልቃጥ የተሻለ ሥራ ይሠራል። ከተማ ከገቡ በኋላ በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በስኳር ሻይ የሚውሉ እናቶችን ሳይ የማዝነው በክብደታቸው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ብልቃጦች እንመለስ። እንዲህ ባሉ እንክብሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጎመን ዘር አትክልቶች የሚገኝ ዲም የተባለ ውህድ ነው። ይህ ውህድ ከላይ ያልሁትን የመጀመሪያውን የጉበት ደረጃ ወደ ሁለተኛው ካርቦን እንደሚያደላ በሽንት ምርመራ ታይቷል፤ ሽያጩም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የሽንት ቁጥር መለወጥና የሴት ጤና መሻሻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሁለተኛውና በአሥራ ስድስተኛው መካከል ያለው ንጽጽር የጡት ካንሰርን አስቀድሞ ያመለክታል የሚለው ሐሳብም በተከታታይ ጥናቶች ሲፈተን ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ሽንት ወደ ውጭ አገር መላክ ገንዘብ መጣል ነው። ከ45 ዓመት በላይ የሆነች፣ አበባዋ የቆመና ሙቀት የሚያነድዳት ሴት ማረጧን ለማወቅ የሆርሞን ምርመራ ጭራሽ አያስፈልጋትም፤ ዕድሜዋና የምትናገረው ታሪክ ይበቃል። ምርመራ የሚያስፈልገው ከ45 ዓመት በታች፣ በተለይም ከ40 ዓመት በፊት አበባቸው ለቆመባቸው ሴቶች ነው። ጉበትን ስለማጽዳት የተባለውም እንዲሁ ነው፤ ደህና ጉበት አጣቢ አይፈልግም፤ የታመመ ጉበት ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ እንክብል ሊጨመርበት አይገባም።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው የመከረው ግን ከብልቃጦቹ የከፋ ነው፤ እባክዎ ለእናትዎ የወሊድ መከላከያ እንክብል አይስጡ። ምክንያቱን ኢስትሮጅን የሚወጣበት መንገድ ራሱ ያስረዳል። በአብዛኞቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዳዮል የሚባል ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነው፤ ጉበት በቀላሉ እንዳይሰብረው ሆን ተብሎ በሞለኪውሉ ላይ ተጨማሪ ተሰክቶበታል። በመሆኑም 30 ማይክሮግራም ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ግራም መቶ እጅ ሦስቱ፣ እንቁላል እንዳይወጣ ለማድረግ ይበቃል። ሳይሰበር የሚቆየው ይህ ውህድ በጉበት ላይ ደጋግሞ ያልፋል፤ ጉበትም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችንና አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባለውን የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያመርት ያስገድደዋል። የ51 ዓመት ዕድሜ፣ የደም ግፊትና ምክንያቱ ያልታወቀ ደም፣ ሦስቱም አንድ ላይ ባሉበት ይህን እንክብል መስጠት ለደም መርጋትና ለአንጎል ምት መጋበዝ ነው። በዚያ ላይ እንክብሉ ሲወሰድ ደሙ ሊቆም ወይም እንደ ወር አበባ በወር በወር ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ተስፋ አድርጎ ይቀመጣል፤ ምርመራውም ይዘገያል።

ይህ ሲባል ለማረጥ የሚሰጥ የሆርሞን ሕክምና የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ለሙቀቱና ለላቡም ከእሱ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። በብዙ ሐኪሞችና ሴቶች ልብ ውስጥ ያለው ፍርሃት የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ከተቋረጠው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ማህፀን ያላቸው 16,608 ሴቶች ተሳትፈው፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ሰው ሠራሽ የፕሮጄስትሮን ዓይነት) ከወሰዱት 10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ የአንጎል ምት፣ 8 ተጨማሪ በሳንባ ውስጥ የረጋ ደም ታየ፤ በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5 ቀነሰ። ዜናው ሲነገር ሁለት ነገሮች ተዘነጉ። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ሆርሞኑም በአፍ የሚዋጥ ነበር። ዛሬ የሙያው አቋም እንዲህ ነው፦ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ለሚያውክባት፣ ከባድ ከልካይ ሕመምም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል።

በአፍ መዋጡ ለምን እንደሚለይ ልብ ይበሉ። የተዋጠ እንክብል ከአንጀት ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ገና ለሰውነት ሳይደርስ አብዛኛው ኢስትራዳዮል ወደ ኢስትሮን ይለወጣል፤ ጉበትም በዚያው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይጨምራል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚቀባ ኢስትራዳዮል ግን በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ ይህን የመጀመሪያ ጉዞ ያመልጣል፤ በተለመደው መጠን ሲወሰድም የደም መርጋትን አደጋ ሲጨምር አልታየም። ደም ግፊት ላለበት፣ ወፈር ላለ ወይም ስኳር ላለበት ሰው ሐኪም የሚመርጠው ይህን ነው። የእኛ አገር ችግር መገኘቱ ነው፤ ተለጣፊው በክልል ከተሞች መድኃኒት ቤቶች እንደ ልብ አይገኝም። ማህፀን ላላት ሴት ደግሞ በየትኛውም መንገድ ቢሰጥ ፕሮጄስትሮን አብሮ ካልታዘዘ፣ ከላይ ስለ መንዟ እናት የነገርሁዎትን ነገር በገዛ እጃችን መፍጠር ይሆናል። ለእናትዎም ቢሆን የደሙ ምክንያት ሳይታወቅ ስለ ሆርሞን ማንሣት አይቻልም።

መድኃኒቶች የጉበትን ሥራ ሲያፋጥኑ የሚሆነውንም ማወቅ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለስድስት ወር ሲወሰድ ሪፋምፒሲን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ አለ፤ ይህ መድኃኒት ኢስትሮጅንን የሚሰብሩትን የጉበት ኤንዛይሞች በኃይል ያበዛቸዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሆርሞን የምትወስድ ሴት እነዚህን ስትጀምር የታዘዘላት መጠን ሳይበቃት ሊቀር ይችላል፤ ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞው ለመመለስ እስከ አራት ሳምንት ይወስድበታል። የኩበት ጢስም ከዚህ ወገን ነው። እንጨት ባነሰበት ደጋ ምድጃ ሥር ስትጎነበስ የኖረች ሴት የምትተነፍሰው ጢስ ከትምባሆ ጢስ ጋር የሚጋራቸው ውህዶች ኢስትሮጅንን ከሚሰብሩት ኤንዛይሞች አንዳንዶቹን ይቀሰቅሳሉ፤ ትምባሆ የሚያጨሱ ሴቶችም ከማያጨሱት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድመው እንደሚያርጡ የታወቀ ነው። ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ለሳንባ ብቻ እንኳ ሲባል ወጪው አያስቆጭም። አረቄ ደግሞ በተቃራኒው የደም ኢስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል፤ የጡት ካንሰርንም ዕድል ይጨምራል፤ ሌሊት የሚነሣውንም ሙቀት ያባብሳል።

ስለ ላቡ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጎረቤቶች ምች ነው ማለታቸውና ዳማከሴ ማሸታቸው አያስገርምም፤ ድንገት የሚያነድድ፣ ላብ የሚያጠልቅ፣ ቀጥሎም የሚያንዘፈዝፍ ነገር ምች ይመስላል። እኔ የምፈራው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ዕድሜዋ ከ45 ያለፈ ሴት ሌሊት አላበኝ ስትል «ማረጥ ነው» ተብላ የምትሸኝበትን። በእኛ አገር ሌሊት የሚያልብ ሰው ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የክብደት መቀነስ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለበት በመጀመሪያ አክታው ይመርመር። እንቅርት ካለ፣ ልብ ትር ትር ካለና እጅ ከተንቀጠቀጠ የታይሮይድ ምርመራ ይደረግ። እናትዎ በቅርቡ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደሌላ ቆላ ወርደው ከነበረ ወባም መታየት አለበት። የሚወስዱትን የደም ግፊት መድኃኒት ስም ይመልከቱ፤ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ራሳቸው ፊትን የሚያቀላና የሚያሞቅ ጠባይ አላቸው።

የማረጥ ሙቀት ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ከደረት ወይም ከፊት ይነሣል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በላብና በብርድ ያልቃል። በአንጎል ሥር የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል ውስጥ ያሉ፣ ቀድሞ ኢስትራዳዮል ይገራቸው የነበሩ የነርቭ ሕዋሳት ሲለቀቁ ከመጠን በላይ ይሠራሉ፤ የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ሲል እንኳ «ሞቋል፣ አውጣ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ። ስለዚህ የደጋው ብርድ ራሱ አያድንም፤ ይልቁንም ያስቸግራል። የመንዝ ሴት በብርዱ ምክንያት ከባድ ባና ደርባ ትተኛለች፤ ከሥሩ ሙቀቱ ይነሣል፤ ባናውን ገፍታ ትጥላለች፤ ላቡ ላይዋ ላይ ሲቀዘቅዝ ተንዘፍዝፋ ትነቃለች፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ከአንድ ከባድ ባና ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርቦ መተኛት፣ አንዱን ብቻ ለመግፈፍ እንዲመች፣ ትንሽ ምክር ትመስላለች፤ ሞክረው የተመለሱ እናቶች ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ እሷን ያመሰግናሉ። ማታ የሚጠጣ ትኩስ ቡና፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ በምሽት፣ ከምድጃ አጠገብ መተኛት ሙቀቱን ይቀሰቅሳሉ። ሆርሞን ለማይስማማቸው ሴቶች እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ጋባፔንቲንም፣ ሙቀቱን በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ የሚታዘዙት በሐኪም ነው። ሙቀቱ ብዙ ሴቶችን በአማካይ ሰባት ዓመት ገደማ ስለሚያቆያቸው «ታገሺ፣ ያልፋል» ማለት ብቻውን ሕክምና አይሆንም።

ተልባን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በተልባ ውስጥ ሊግናን የሚባል ውህድ አለ፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ኢስትሮጅንን በጥቂቱ ወደሚመስል ነገር ይለውጡታል። ለሙቀቱ ሲሞከር ግን ከማስመሰያ ምግብ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። የተልባ ፍትፍት ይብሉ፤ ለአንጀትና ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፤ መድኃኒት ነው ብለው ግን ሌላውን አይተዉበት።

ኢስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት የሚበሉት ሕዋሳት ከሚሠሩት ይበረታሉ፤ ከማረጥ በኋላ ባሉት አምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆን የአጥንት ክብደቷን ልታጣ ትችላለች። ጾም የምትጠብቅ ሴት ወተትና አይብ ሳትቀምስ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለምታሳልፍ ካልሲየሙን ከጤፍ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ ማግኘት አለባት፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ወተቱን አትተው። ጋቢ ተከናንቦ የሚዋል ከሆነ ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ ያንሳል፤ ክንድን ገልጦ ጥቂት መቀመጥ ዋጋው ምንም አይደለም። የብልት መድረቅ፣ በግንኙነት ጊዜ መታመም፣ ሽንት ማቃጠልና ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ከኢስትሮጅን ማነስ የሚመጡ ናቸው፤ እናቶች ለልጃቸው ቀርቶ ለሐኪምም አይናገሯቸውም። ለዚህ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ የኢስትሮጅን ክሬም አለ፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው።

ለጉዞው እንዲህ ያድርጉ። እናትዎን በዚህ ሳምንት ይዘው አቅራቢያቸው ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ደሙ ቢቆምም ይሂዱ። ለሐኪሙ «የወር አበባቸው ከቆመ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ደም አዩ» ብለው በዚህ ቃል ይንገሩ፤ «የወር አበባቸው ተዛባ» ካሉ ነገሩ በሌላ መልክ ሊታይ ይችላል። በመጀመሪያ የማህፀን በር በመሣሪያ ተገልጦ በዓይን መታየት አለበት፤ ሆድ ብቻ ተዳስሶ ከተሸኙ ምርመራው አልተደረገም። ቀጥሎ በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ የማህፀን ግድግዳ ውፍረት ይለካል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ደሙ ከተደጋገመ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ይህ እዚያ የማይሠራ ከሆነ ሪፈር ይጠይቁ። የደም ግፊታቸውንና የስኳር መጠናቸውን አብረው ያስለኩ። ደም የነካ ጨርቅ ካለ አይጠብ፤ ይዘውት ይሂዱ። የግፊት መድኃኒታቸውን ካርቶን፣ ሁለቱንም የአሜሪካ ብልቃጦችና የወሊድ መከላከያውን ከገዙት እሱንም በአንድ ፌስታል አድርገው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ከብልቃጦቹ ውስጥ የተዋጠ ካለም ስንት ቀን እንደተወሰደ ሳይደብቁ ይናገሩ።